የመጀመሪያ ሽጉጥ የቱ ይሁን? ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ የእህል መጋዘን አለኝ። 36 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 7 ዓመቷ ነው። ሽጉጥ ይዤ አላውቅም። ሰሞኑን ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ሰው ባማክር ግራ ገባኝ። አንዱ ማካሮቭ ይላል፣ አንዱ ግሎክ፣ አንዱ ደግሞ ቱርክ ሽጉጥ በርካሽ ላምጣልህ ይላል። አጎቴ በበኩሉ የአያትህን የጣሊያን ቤሬታ ውሰድ ይለኛል። ለጀማሪ የቱ ይሻላል? ከልጆች ጋር ስኖርስ የት ላስቀምጠው? ባለቤቴ ደግሞ ፈርታለች፤ ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። 24 ዓመት የመሣሪያ ጥገና ሠርቻለሁ፤ የሚበዛውን ጊዜ እዚሁ ደሴ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁትን ልንገርህ። ሽጉጥ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን አንዴም ሳይተኩስበት የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ሽጉጡ ግን ሁልጊዜ ቤት ውስጥ አለ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አለ። እንግዳ ሲመጣ አለ። አንተ በሌለህበት ቀንም አለ። ስለዚህ እኔ ለጀማሪ ሽጉጥ ስመርጥ የማስበው እነዚያን የማይተኮስባቸውን ቀናት ነው። በቀላሉ ባዶ ይሆናል ወይ? ባዶ መሆኑ በግልጽ ይታያል ወይ? ቢወድቅ ምን ይሆናል? ከየት መጣ? እነዚህን ካለፈ በኋላ ነው ስለ ስሙ የማወራው።

መጀመሪያ ግን ፈቃዱ። በአገራችን መሣሪያ የሚተዳደረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድም ለሰው ነው የሚሰጠው፤ እንደ መሬት ወይም እንደ በሬ አይወረስም፣ ለወዳጅ አይተላለፍም። በአያትህ ቤሬታ ላይ ያለኝ መልስ ከዚህ ይነሳል። አጎትህ «የቤተሰብ ነው» ስላሉ ብቻ ተቀብለህ ወደ ቤትህ አትውሰደው። ካለበት ሳይነካ ፖሊስ ዘንድ ቀርባችሁ አሳውቁ፤ ምን እንደሚደረግ እነሱ ይነግሯችኋል። የምትገዛውንም ከየት መግዛት እንደሚፈቀድልህ እዚያው ጠይቅ። ብር ከፍለህ፣ መሣሪያውን ቤት አስገብተህ «አሁን ላስመዝግብ» ማለት ነገሩን ከጭራው መጀመር ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድ ቢኖርህም የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይዘህ መንቀሳቀስ ሊከለከል ይችላል። በእኛ አካባቢ ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ወደ ደሴ የሚወስደውን የሃረጎን ዳገት ስትወጣ ኬላ ላይ «ፈቃድ አለኝ» ከማለትህ በፊት የወቅቱን መመሪያ እወቅ።

ሌላው፣ ለምን እንደፈለግኸው ለራስህ በደንብ መልስ። ለመጋዘኑ ከሆነ፣ ሽጉጥ ሰው የሌለበትን መጋዘን አይጠብቅም። እዚያ ትተኸው ካደርክ ከእህሉ በፊት የሚሰረቀው እሱ ነው። ገንዘብ ይዘህ ደሴ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ፣ በባንክ ማዘዋወር የምትችለውን ብር በኪስህ አትያዝ። መጋዘንህ እንደ ብዙዎቹ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ይህንንም አስብ። የየትኛውም ሽጉጥ ጥይት ቆርቆሮን እንደ ወረቀት ያልፈዋል። ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛው ዘበኛህ ነው።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ ልምጣ። ግን አንድ ቀን ያየሁትን ሳልነግርህ ብገባ ምክሩ አይገባህም።

አንድ ደንበኛዬ ማካሮቭ ይዞ ቤቴ መጣ፤ ፈቃድ ያለው፣ የተከበረ ሰው ነው። ቡና እየተፈላ ነበር። ካዝናውን፣ የጥይት መያዣውን፣ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ባዶ ነው ጋሼ፣ አይዞህ» አለኝ። አነሳሁት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ሰው ወደሌለበት አዞርኩ። መጠበቂያውን፣ እንዳይተኩስ የሚያግደውን ቁልፍ፣ ወደ ታች አወረድኩና የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ሳብኩ። አንድ ጥይት ዘሎ ወጣና ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ መሀል ወደቀ። ከእሱ ጋር የመጣች ትንሽ ልጁ ጎንበስ ብላ አነሳችና ሰጠችኝ። አባትየው ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣውም። ያን ሽጉጥ እንዲያ «ባዶ» እያለ ስንት ቀን ትራሱ ሥር አስተኝቶታል።

ስህተቱ የት እንደነበር ስነግርህ ማካሮቭንም አብረህ ታውቀዋለህ። በማካሮቭ ላይ መጠበቂያው በግራ በኩል፣ በላይኛው ብረት ላይ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ተዘግቷል፤ ወደ ታች ሲሆን ለተኩስ ዝግጁ ነው። ሲዘጋ ደግሞ ተንሸራታቹን ብረት አብሮ ይቆልፈዋል። ሰውየው ካዝናውን አወጣ፣ ብረቱን ሊስብ ሞከረ፣ አልሳብ አለው። «ካዝናው ስለሌለ ይሆናል፣ ባዶ ነው» ብሎ ተወው። ጥይቱ ግን ቀድሞ ጎርሷል፤ ከካዝናው ወጥቶ ቱቦው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ካዝና ማውጣት የቀሩትን ጥይቶች ይወስዳል እንጂ የጎረሰውን አይነካም። ይህ በሁሉም ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ አንድ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ «ባዶ ነው» በተባለ መሣሪያ የሚሞተው በአብዛኛው በዚህች ነገር ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንደ አባታችን ሆይ ወይም እንደ ፋቲሃ በቃልህ ያዝ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት። ጣት ከቃታ ውጭ። ካዝና ይወጣል። ከዚያ (ማካሮቭ ከሆነ መጠበቂያው ወደ ታች ወርዶ) ብረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይሳባል። በዓይን ይታያል። ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት ይዳሰሳል። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን ብትስብ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ታጎርሳለህ። ቅደም ተከተሉ የተቀያየረበት ሰው አደጋውን ራሱ አዘጋጀ ማለት ነው።

እንግዲህ ማካሮቭ። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ነው። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ወደ እኛ በብዛት ገባ፤ ስሙን የማያውቅ የለም። 8 ጥይት ይይዛል። ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኔ የምወድለት ሦስት ነገር አለ። መጠበቂያው በዓይን ይታያል፤ ለተኩስ ሲከፈት ቀይ ነጥብ ብቅ ይላል። መጠበቂያውን ስትዘጋ የተነሳው መዶሻ፣ ከኋላ ያለው መቺ ብረት፣ ያለ ተኩስ ይወርዳል። ለጽዳት ሲፈታ ደግሞ የቃታው መከለያ ወደ ታች ተስቦ ነው የሚፈታው፤ ቃታ መሳብ አያስፈልግም። የማልወድለትም አለ። መርፌውን፣ ጥይቱን ወግቶ የሚያስነሳውን፣ የሚይዝ ሞላ የለውም፤ በውስጡ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አጉርሶ መያዝን በፍጹም አልመክርም። መዶሻው ወርዶ ከሆነ የመጀመሪያው ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ቀላል ይሆናል። ጀማሪ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ያላሰበው ሁለተኛ ጥይት የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። የላይኛው ብረት ሞላም ጠንካራ ነው።

ግሎክ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ኦስትሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው «ግሎክ 17» የሚባለው 17 ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን ከማካሮቭ ይቀላል። ቢወድቅ መርፌውን የሚያግድ ነገር ውስጡ አለው። ቃታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ለተኩስ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። መጠበቂያው ቃታው ላይ ራሱ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ይከፈታል። ጣት ደግሞ የልጅም ሊሆን ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍም ቃታ ይገፋል። በዚያ ላይ ለጽዳት ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግድ ነው። ባዶ መሆኑን ሳያይ ለጽዳት ቃታ የሳበ ሰው ስንት ጣት፣ ስንት ጉልበት አጥቷል። ለሠለጠነ ሰው ግሎክ እመርጣለሁ። ሽጉጥ ይዞ ለማያውቅ፣ ቤቱ ልጅ ላለበት ሰው በመጀመሪያ አልመርጥም።

ቶካሬቭ ሊያቀርቡልህ ይችላሉ። አትውሰድ። መዶሻውን በግማሽ ከማንሳት በስተቀር መጠበቂያ የለውም። 7.62 ጥይቱ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው፤ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ላያቆመው ይችላል። ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ሰፈር ይህ መሣሪያ ቦታው አይደለም።

ቤሬታውን በሕጉ በኩል መልሻለሁ። በሙያው በኩልም ልበልህ። የእ.ኤ.አ. 1934 ሞዴሉ ከሆነ ከ80 ዓመት በላይ የኖሩ ሞላዎች ናቸው ውስጡ ያሉት። መጠበቂያው የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ መዶሻውን አይዝም። ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ለአያትህ ክብር ይገባል። የቤት መሣሪያ አድርጎ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥይት ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ጠበቅ አድርገህ ስማኝ። «ዘጠኝ ነው» የሚባል ጥይት አንድ ዓይነት አይደለም። የማካሮቭ 9 በ18 ነው። የግሎክ 9 በ19። የዚያ ቤሬታ 9 በ17። ሁለተኛው ቁጥር ቀለሁ ስንት ሚሊሜትር እንደሚረዝም ነው። በሚሊሜትር ስለሚለያዩ በዓይን ይመሳሰላሉ። የማካሮቭ አረር ደግሞ ከግሎኩ በጥቂቱ ይወፍራል። አንዱን በሌላው ውስጥ በግድ አስገብቶ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ብረቱ በግማሽ መንገድ ተቀርቅሮ፣ ጥይቱ ቱቦው ውስጥ ተነክሶ፣ ሰውየው ያንን ይዞ በታክሲ ከሰው መሀል ተቀምጦ ነበር የመጣው። የተሸጠልህን ጥይት ቂጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከመሣሪያህ ጋር የተሰጠህ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አመሳክር።

ቱርክ ሽጉጥ ወዳሉህ ሰው ልምጣ። ቱርክ አገር ደህና እውነተኛ ሽጉጥ ይሠራል፤ ይህን ማወቅ አለብህ። ገበያ ላይ በሹክሹክታ «ቱርክ» እየተባለ በርካሽ የሚዞረው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በድምፅ ብቻ እንዲጮህ የተሠራ፣ ለማስደንገጫ ወይም ለትርኢት የሚውል መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ቀይሮት እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ያደርገዋል። አካሉ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው። የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ሊችል አልተፈጠረም። አንዱን አምጥተውልኝ ቱቦውን በመስኮት ብርሃን አየሁት። ጤነኛ ሽጉጥ ውስጡ ጠመዝማዛ ጭረት አለው፤ አረሩን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። ይህኛው ልሙጥ ነበር። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ጎን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተተኮሰበት። ሁለተኛው ቢተኮስ ስንጥቁ በያዘው ሰው ዓይን አቅጣጫ ነበር። ባለቤቱ ለዚያ ነገር ከፍሎበታል፤ የከፈለው ብር ደግሞ ትንሽ አልነበረም። ለማንኛውም ትንሽ ማግኔት ይረዳሃል። የእውነተኛ ሽጉጥ የላይኛው ብረትና ቱቦ የብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል። ዚንክ አይዝም። ማግኔት ያዘ ማለት ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። «ርካሽ፣ ያለ ወረቀት፣ ዛሬውኑ» ካሉህ ምርመራም አያስፈልግህም፤ ትተህ ሂድ።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ በአካባቢያችን የማን እንደነበረ የማይታወቅ መሣሪያ በዝቷል። ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ አንተም ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ሰው የተገደለበት ሊሆን ይችላል። መለያ ቁጥሩ በፋይል የተፋቀ ካየህ እጅህን ሰብስብ። ቁጥሩን የሚፍቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ያ ነገር ነገ በአንተ ስም ይመጣል።

የቱንም ብትመርጥ ሳትይዘው አትግዛ። ባዶ መሆኑ በዓይንህ ከታየ በኋላ ጨብጠው። የእጅህ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ከሽጉጡ ጀርባ ጋር በደንብ ይግጠም። የሌባ ጣትህ ጫፍ ቃታው ላይ ሳይንጠራራ ይድረስ። መጠበቂያውን መያዣህን ሳትቀይር መክፈትና መዝጋት ትችላለህ? ብረቱን አሥር ጊዜ ሳብ። በአሥረኛው እጅህ ከተንቀጠቀጠ ያ ሽጉጥ ላንተ አይሆንም። ካዝናውን ጫን፣ አውጣ። የደከመ የካዝና ሞላ ብዙ ችግር ያመጣል፤ ጥይቱን በደንብ ወደ ላይ አይገፋም።

እንግዲህ ፍርዴን ከፈለግህ፦ ታሪኩ የታወቀ፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣ፣ እጅህ የገጠመው ማካሮቭ። ሳያጎርሱ የሚያስቀምጡት።

ማስቀመጫው ላይ ረጅም እሆናለሁ፤ ይቅር በለኝ። ትራስ ሥር አይሆንም። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ጤፍ ጎተራ ውስጥ፣ የመኪና ኪስ ውስጥ አይሆንም። ልጅ የማያውቀው መደበቂያ ቤት ውስጥ የለም። ለአረፋ የተደበቀ ከረሜላ ያገኘች ልጅ ሽጉጡንም ታገኘዋለች። የብረት ሳጥን አሠራ፤ ብየዳ ቤት ይሠሩልሃል። ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር፣ ሳጥኑን ይዞ መሄድ እንዳይቻል። ቁልፉ አንተ ላይ ይሁን፣ ሚስማር ላይ አይንጠልጠል። ጥይቱ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ ክፍል። «ሌባ ሲመጣ እስክከፍት» ትለኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ ይህን ሁሉም ይለኛል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት በሌሊት ሌባ ላይ በጊዜ ባለመድረሱ ስለተጎዳ ሰው የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው። ክፍት ቦታ በተቀመጠ ሽጉጥ ስለተጎዳ ልጅ ግን ከአንዴም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ቤት ለቅሶ ደርሻለሁ።

ልጅህ 7 ዓመቷ ነው፤ ንገራት። ካየሽ አትንኪ፣ ከዚያ ክፍል ውጪ፣ ለትልቅ ሰው ንገሪ። ሳትጮህባት፣ ደጋግመህ። ለበዓል የሚገዛላቸውን የፕላስቲክ ሽጉጥም ቢሆን ሰው ላይ እንዲደግኑ አትፍቀድ። እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

የእኛ አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርድና ጉም አታጣም። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ፣ ሞቅ ያለች ናት። ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ውስጥ ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ። ደሴ አድረህ ሃረጎን ከወረድክ በኋላ ሽጉጡን እንዲሁ ሳጥን ውስጥ ብትቆልፈው በሳምንት ዝገት ይጀምረዋል። ባዶ አድርገህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ በጣም ስስ ዘይት ቀባው፣ ከዚያ ቆልፍ። የቆዳ አፎት ውስጥ አታኑረው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ዘይት ማብዛትም ጥሩ አይደለም፣ አቧራ ይሰበስባል።

ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ የለም። ደሴን ከጦሳ ተራራ ላይ ሆነህ አይተሃት ታውቃለህ? ቤቱ በቤቱ ላይ ነው የተደረደረው። ከአንዱ ሰፈር የተተኮሰ በሌላው ጣሪያ ላይ ነው የሚወርደው፤ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ደግሞ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መጠጥ በቀረበበት፣ ጫት በተቀመጠበት ቦታም ይዘኸው አትገኝ። ለመለማመድ ብለህ ደግሞ ገደል ፈልገህ አትተኩስ፤ የት መለማመድ እንደሚፈቀድ ፈቃድ የሰጠህን አካል ጠይቅ። ስትለማመድም ጆሮህን ሸፍን። የሽጉጥ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፣ የጠፋ ጆሮ አይመለስም። የእኔ ግራ ጆሮ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት ጀምሮ በደንብ አይሰማም።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ፍርሃቷን አትከራከረው። ልክ ናት። ማድረግ ያለብህ አብራችሁ መወሰን ነው። ሽጉጡ ከመገዛቱ በፊት እሷም ትያዘው፣ ባዶ ማድረግ ትማር። መተኮስ ባትፈልግ መብቷ ነው፤ ባዶ ማድረግ ግን ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ መቻል አለበት። አንተ ታምመህ ብትተኛ ወይም ርቀህ ብትሄድ ያ ሳጥን የእሷ ኃላፊነት ነው። የማካሮቭን ብረት ለመሳብ ጉልበቷ ካልበቃ ሌላ ዓይነት ፈልጉ። ይህን ሁሉ አይታ፣ ሞክራ፣ «አይሆንም፣ ከልጆቼ ጋር አላሳድረውም» ካለች ማመልከቻውን ተወው። በዚያ ብር ለመጋዘንህ ጠንካራ በር አሠራ፣ ዙሪያውን መብራት አስገባ፣ ለሌሊቱ ሁለተኛ ዘበኛ ቅጠር።